ሳጥን መደረብ፣ መክፈል ወይስ መተው፦ ለመስከረም አበባ የቀፎ አያያዝ ንጽጽር

በሱሉልታ፣ በሆለታ፣ በሰበታ ወይም በሰንዳፋ በኩል ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ጥቂት ቀፎ ያስቀመጠ ሰው ሁሉ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ዓይነት ጥያቄ ይገጥመዋል። ቀፎው በንብ ሞልቷል፣ መስኩም ሊያብብ ተቃርቧል፤ ታዲያ የማር ሳጥን ልደርብበት፣ ለሁለት ልክፈለው ወይስ እንዳለ ልተወው? ይህ ጽሑፍ ሦስቱን አማራጮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ይመዝናል። የራሴን አቋም ከመነሻው ልግለጽ፦ አንድ ኅብረ ንብ (በአንድ ቀፎ የሚኖር የንብ ቤተሰብ) በአንድ የአበባ ወቅት ወይ ማር ይሰጣል፣ ወይ ሌላ ኅብረ ንብ ይሰጣል፤ ሁለቱንም በእኩል የሚጠብቅ አናቢ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም ያጣል። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ሲሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ብሂል ለሌላ ነገር ይሠራ ይሆናል እንጂ ለአንድ ቀፎ አይሆንም። ከዚህ የሚያፈነግጥ አንድ መንገድ መኖሩን ከታች እገልጻለሁ።

ውሳኔው በቀን መቁጠሪያ ላይ ስለሚመሠረት ከጊዜው ልጀምር። በእኛ አካባቢ ዋናው የወለላ (ንቦች ከአበባ የሚቀዱት ጣፋጭ ፈሳሽ) ወቅት ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ይዘልቃል። ማገጥና ባቄላ ቀደም ብለው ያብባሉ፤ ከዚያ አደይ አበባ ይከተላል፤ በየእርሻው ድንበርና በየቦዩ ዳር የሚበቅለው መጭ ደግሞ ሜዳውን ሁሉ ቢጫ ያደርገዋል። ቤተ ክርስቲያን ዘመነ ጽጌ ብላ የምትጠራቸው ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ከንቦቹ የሥራ ወቅት ጋር እንዲህ መግጠማቸው አናቢውን አያስገርመውም። በበልጉ ዝናብ ማግስት፣ በግንቦት አካባቢ፣ ባህር ዛፉ የሚሰጠው ሁለተኛ ወቅትም አለ፤ ይህኛው አነስ ያለና የዝናቡን ሁኔታ የሚከተል በመሆኑ ትልቁ ውሳኔ የሚወሰነው በመስከረም ነው።

ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል ተነሥታ ከሴሏ (ከሰም ከተሠራችው ትንሽ ክፍሏ) እስክትወጣ 21 ቀን ገደማ ይፈጅባታል። ከወጣችም በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል በቀፎው ውስጥ እጭ በመመገብ፣ ሰም በመሥራትና በር በመጠበቅ ቆይታ ነው ወደ መስክ የምትሠማራው። ስለዚህ በዘመነ ጽጌ መግቢያ ወለላ የምታመጣው ንብ እንቁላሏ የተጣለው ወደ ነሐሴ 20 ገደማ፣ ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን ነው። በመስከረም ንቡ አነሰኝ ብሎ የሚያማርር ሰው ጉድለቱን መፈለግ ያለበት በነሐሴ ውስጥ ነው። በዚያ ወር ዝናቡ ንቦቹን በቀፎ ስለሚያስራቸው እኩል ለእኩል የተበጠበጠ የስኳር ውሃ፣ በጎኑም ጥቂት በሶና ሽሮ መስጠት ይገባል፤ በሶውና ሽሮው በዝናብ ምክንያት ያልመጣውን የአበባ ብናኝ በመጠኑ ይተካሉ። ስኳሩ ግን ከቅዱስ ዮሐንስ በፊት መቆም አለበት፤ አለዚያ የሚቆረጠው ማር የአበባ መሆኑ ይቀርና ከሱቅ የተገዛ ስኳር ይሆናል።

ከሦስቱ አንዱን ከመምረጥ በፊት ቀፎው መከፈት አለበት። የእኛ የደጋ ንብ ቁጡ ስለሆነች የምከፍተው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። በማጨሻው ውስጥ ደረቅ ኩበት አቀጣጥዬ ጭሱ ነጭና ቀዝቃዛ እስኪሆን እጠብቃለሁ፤ ጭሱ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ንቧንም ያስቆጣታል። ክዳኑ ሲነሣ መጀመሪያ የማየው በፍሬሞቹ (ንቦቹ የሰም ሴሎቻቸውን በሚሠሩባቸው የእንጨት ክፈፎች) አናት ላይ አዲስ የተለጠፈ፣ እንደ ወተት የነጣ ሰም መኖር አለመኖሩን ነው። ነጭ ሰም ካለ ወለላ እየገባ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ ንቡ ስንት ፍሬም እንደሸፈነ እቆጥራለሁ። በመጨረሻም ከመሀል አንድ የእጭ ፍሬም አንሥቼ የታችኛውን ጠርዝ እመለከታለሁ። በዚያ ጠርዝ ላይ እንደ ኦቾሎኒ ቅርፊት ወደ ታች የተንጠለጠለ፣ ላዩ የተጨማደደ የንግሥት ቤት ከተገኘ፣ ንቦቹ ከእኛ ቀድመው ወስነዋል ማለት ነው። የንግሥት ቤት እንቁላሉ ከተጣለበት ዕለት ጀምሮ በ8ኛው ቀን ገደማ በሰም ይታሸጋል፤ አሮጊቷ ንግሥት ግማሹን ንብ አስከትላ የምትወጣውም ብዙውን ጊዜ በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ በየሳምንቱ ማየት ያስፈልጋል፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚያይ ሰው ባዶ ቤት ይጠብቀዋል።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። አንድ ዓመት ለመስቀል እንግዳ ሲበዛብኝ አንዱን ሳምንት ዘለልሁ። በበዓሉ ማግስት ከጎረቤት ያሉ አንዲት እናት በአጥር በኩል ጠርተው፣ «ልጄ፣ ንቦችህ እኔ ጽድ ላይ ጎጆ ወጥተዋል» አሉኝ። ጆንያና መሰላል ይዤ ስደርስ መንጋው ተነሥቶ ወደ ጫካው አቅንቶ ነበር። በቀፎው የቀረው ንብ ሦስት ፍሬም እንኳ አይሸፍንም ነበር፤ በዚያ ወቅት ከዚያ ቀፎ ማር አልቆረጥሁም።

የመጀመሪያው አማራጭ፣ የማር ሳጥን መደረብ፣ ዓላማው ማር ለሆነ ሰው የሚመረጥ ነው። የሚሠራው ግን ንቡ በታችኛው ሳጥን ካሉት 10 ፍሬሞች 8ቱን ወይም ከዚያ በላይ ሲሸፍን ነው። ብዙ ሰው ሳጥን የሚደረበው የተጠራቀመ ማር ማስቀመጫ ስለሚጠብብ ይመስለዋል፤ ጥበቱ ግን የሚጀምረው ማሩ ማር ከመሆኑ በፊት ነው። ወለላ ከአበባ ሲቀዳ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውሃ ነው፤ ንቦቹ ይህን ውሃ ለማትነን በብዙ ሴሎች ውስጥ ስስ አድርገው ያሰራጩትና ሌሊቱን በክንፋቸው ያራግቡታል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሴል ማሩ በመጨረሻ ከሚይዘው እጅግ ይበልጣል። ቦታ ሲጠብባቸው ወለላውን የሚያስቀምጡት ንግሥቲቱ እንቁላል በምትጥልባቸው ሴሎች ውስጥ ነው፤ የመጣያ ቦታ ያጣች ንግሥትም ለመውጣት ትዘጋጃለች። ስለዚህ ሳጥኑ መደረብ ያለበት ጥበቱ ከመታየቱ በፊት፣ የመጀመሪያው ነጭ ሰም በታየበት ሳምንት ነው።

ቀድሞ መደረብም የራሱ ጉዳት አለው። ንቦቹ የእጩን ክፍል በ34 እና በ35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መካከል ማቆየት አለባቸው፤ በእኛ ደጋ ደግሞ የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ውርጭ ይዞ ይመጣል። አምስት ፍሬም ብቻ በሸፈነ ንብ ላይ ባዶ ሳጥን መደረብ በብርድ ወቅት ጣሪያውን እንደ መክፈት ያለ ነው። ከተደረበውም ሳጥን ውስጥ ያለው ልዩነት ያመጣል። ካለፈው ዓመት ማሩ ወጥቶለት የተቀመጠ ያለቀለት እንጀራ (ንቦቹ ሠርተው የጨረሱት የሰም ሴሎች ገበታ) ያለው አናቢ እሱን ያስገባ፤ ንቦቹ በዚያው ምሽት ሥራ ይጀምሩበታል። የታተመ ሰም (የሴል ቅርጽ የታተመበት፣ ንቦቹ እንጀራ የሚሠሩበት ስስ የሰም ገበታ) ብቻ ያለው ደግሞ ንቦቹ እንጀራውን ለመሥራት ወለላውን በሰም እንደሚለውጡ ያስብና ከመጀመሪያው ዓመት ብዙ አይጠብቅ።

የንግሥት ማገጃ (ሠራተኛ ንቦችን አሳልፎ ንግሥቲቱን ወደ ማር ሳጥኑ እንዳትወጣ የሚከለክል የሽቦ ወንፊት) ይግባ አይግባ የሚለው ክርክር በአናቢዎች መካከል አያልቅም። የእኔ አሠራር እንዲህ ነው፦ ላይኛው ሳጥን ያለቀለት እንጀራ ካለው ማገጃውን ወዲያው አስገባለሁ፤ የታተመ ሰም ብቻ ከሆነ ግን ንቦቹ ወጥተው መሥራት እስኪጀምሩ ድረስ ያለ ማገጃ እተወዋለሁ፤ ምክንያቱም ባዶ ሰም ለማየት በሽቦ መካከል ተጣብቀው መውጣትን አይወዱም። ሥራው ሲጀመር ንግሥቲቱ ታች መሆኗን አረጋግጬ ማገጃውን እመልሳለሁ። ማገጃ ጨርሶ የማይጠቀም ሰው በጥቅምት መጨረሻ የማር ፍሬሙን ሲያነሣ ግማሹ እጭ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል፤ ያን ጊዜ እጩ እስኪወጣ መጠበቅ ወይም እጭ ያለበትን ማር መቁረጥ ግድ ይሆንበታል።

ሁለተኛው አማራጭ መክፈል ነው። ይህ የቀፎ ቁጥር ማሳደግ ለሚፈልግ፣ ወይም የንግሥት ቤት አይቶ መንጋው እንዳይወጣበት ለሚሠጋ ይመከራል። ዋጋውን ግን በቀን ቆጥሮ መግባት ያስፈልጋል። ቀፎው መስከረም 10 ተከፈለ እንበል፤ ንግሥት አልባው ክፍል ከሕፃን እጭ አዲስ ንግሥት ሲያሳድግ ንግሥቲቱ መስከረም 22 ገደማ ትወጣለች። ለመብረር፣ ከድንጉላ (ከወንድ ንብ) ጋር ለመገናኘትና እንቁላል ለመጀመር ሌላ አሥራ ሁለት ቀን ያህል ስጧት፤ ጥቅምት 4 ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ልጆቿ ጥቅምት 25 ይወጣሉ፤ መስክ የሚወጡት ግን ኅዳር አጋማሽ ሲያልፍ፣ መጩ ደርቆ ገበሬው ለአጨዳ ሲዘጋጅ ነው። ሁለት እኩል ግማሽ አድርጎ ከፍሎ ከሁለቱም ማር የሚጠብቅ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የታሸገ የንግሥት ቤት ካለበት ፍሬም ጋር መክፈል ጥቂት ቀናት ያተርፋል፤ ስሌቱን ግን አይለውጠውም።

ከላይ ያነሣሁት የተለየ መንገድ ይህ ነው። እኩል መክፈል ትቶ፣ አሮጊቷን ንግሥት ሁለት ወይም ሦስት የእጭ ፍሬም ከነንቡ አስይዞ ወደ ትንሽ ሳጥን ማውጣትና ትልቁን ክፍል በነበረበት ቦታ መተው ይቻላል። መስክ የለመዱት ንቦች የሚመለሱት ወደ ለመዱት ቦታ ስለሆነ የሥራ ኃይሉ ከትልቁ ክፍል ጋር ይቀራል። ከዘጠኝ ቀን ገደማ በኋላ በዚያ ቀፎ የሚመገብ እጭ ስለማይኖር ለእጭ ይሄድ የነበረው ወለላ ወደ ማር ክፍሉ ይገባል። በዚህ መንገድ ካልተከፈለ ቀፎ ያነሰ፣ ለሁለት እኩል ከተከፈለው ግን የተሻለ ማር ይገኛል፤ ትንሿ ሳጥንም በግንቦቱ ባህር ዛፍ ራሷን የምትችል ቀፎ ትሆናለች። ሁለት ጥንቃቄ ይፈልጋል። በትልቁ ክፍል አንድ ደህና የንግሥት ቤት፣ ቢበዛ ሁለት፣ አስቀርቶ ሌሎቹን ማጥፋት ግድ ነው፤ አለዚያ የመጀመሪያዋ ወጣት ንግሥት ራሷ መንጋ ይዛ ትወጣለች። በተጨማሪም የንግሥት ቤት ያለበት ፍሬም መገልበጥም መናወጥም የለበትም፤ በውስጡ ያለችው በቀላሉ ትጎዳለች።

ሦስተኛው አማራጭ መተው ነው፤ ይህን እንደ ስንፍና የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ አልስማማም። አራትና አምስት ፍሬም ብቻ የሸፈነ ንብ በመስከረም ሳጥን አያስፈልገውም፣ ቢከፈልም ሁለት ደካማ ይሆናል። ለእሱ የሚሠራለት የቀፎውን እግር በአመድ ከጉንዳን መጠበቅ፣ በሩን ማጥበብና በቅርብ ውሃ ማኖር ነው።

ምርጫውን የሚያጠብበው ሌላው ነገር የቀፎው ዓይነት ነው። በሸምበቆ ተሠርቶ በእበት የተለቀለቀው ባህላዊ ቀፎ ሳጥን አይደረብበትም፤ ውስጡን ሳያፈርሱም መክፈል ያስቸግራል። ለእሱ ያለው አማራጭ መተውና የሚወጣውን መንጋ ለመቀበል መዘጋጀት ነው፤ አባቶቻችን ባዶ ቀፎ በወይራ ጭስ አጥነው ዛፍ ላይ የሚሰቅሉት ለዚህ ነው። ምርቱ በዓመት ከ5 እስከ 6 ኪሎ እንደሚደርስ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ የፍሬም ቀፎ ደግሞ ከ15 እስከ 20 ኪሎ። ይህን አይቶ ባህላዊውን የሚንቅ ግን አንድ ነገር ይረሳል። ከባህላዊ ቀፎ ማሩ ከነሰፈፉ ስለሚቆረጥ ሰም ይበዛለታል፣ ሰሙም ለጧፍ ይሸጣል፤ ከነሰፈፉ የተቆረጠውን ማር ደግሞ ጠጅ ጣይ ሳይጣራ ይገዛዋል። የፍሬም ቀፎ ማር ለጠጅ ማቅረብ የታተመ ሰምና የማር ማውጫ ማሽን ወጪውን መልሶ ለማግኘት አያመችም፤ ያ ማር ተጣርቶ በጠርሙስ ሲሸጥ ነው የሚያዋጣው።

በሁለቱ መካከል ያለው የኬንያ ቶፕ ባር ቀፎ፣ እኛ የሽግግር ቀፎ የምንለው፣ ለመክፈል ከሁሉም ይቀላል፤ 3.2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ጣውላ ከነእንጀራው አንሥቶ ወደ ሌላ ቀፎ ማዛወር ይበቃል። ሳጥን መደረብ ባይቻልበትም በእጩ ክፍልና በማሩ መካከል ባዶ ጣውላ በማስገባት ቦታ ይሰጠዋል፤ የበሰለውንም ከጫፍ እየቆረጡ ማውጣት ይቻላል። እንጀራው ፍሬም ስለሌለው ግን ቀጥ ብሎ መያዝ አለበት፤ በጎኑ ያጋደሉት እንጀራ ከነማሩ ጫማ ላይ ይወድቃል። ጀማሪ ቢጠይቀኝ ከዚህ ቀፎ እንዲጀምር እመክረዋለሁ።

የአካባቢው መስክም መታየት አለበት። በስንዴና በጤፍ እርሻ ላይ የሚረጨው ቱ-ፎር-ዲ የተባለ ፀረ አረም ማገጡንና መጩን ያጠፋል። ዙሪያው የተረጨበት አናቢ ንቡ ብርቱ ቢሆንም ሳጥን ደርቦ ከመጠበቅ መክፈልን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ያለው ብናኝ እጭ ለማሳደግ ይበቃ ይሆናል፣ ሁለተኛ ሳጥን የሚሞላ ወለላ ግን አይገኝም። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ የአበባ መስክ የነበረው ቦታ መሠረት እየወጣለት ነው፤ እኔ ከምኖርበት ወደ ምሥራቅ ያለው ሜዳ ሙሉ በሙሉ አጥር ሆኗል። ያለፈው ዓመት ምርት የዘንድሮ ዋስትና ሊሆን የማይችለው በዚህም ምክንያት ነው።

ማሩን በአንድ ጊዜ ወይስ በሁለት መቁረጥ የሚለው ለቶፕ ባርና ለፍሬም ቀፎ ብቻ የሚነሣ ጥያቄ ነው። ከእንጀራው ቢያንስ ሦስት አራተኛው በሰም ካልታሸገ ማሩ መቆረጥ የለበትም፤ ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ለማር የሚፈቅደው የውሃ መጠን እስከ 20 በመቶ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ እርጥብ የሆነ ማር በዕቃው ውስጥ ይቦካል። ጥርጣሬ ካለ ፍሬሙን ጠፍጣፋ አድርጎ አንድ ጊዜ ወደ ታች መነቅነቅ ነው፤ ጠብታ ከወረደ ይቆይ። በሌላ በኩል የመጭ ማር ቶሎ ስለሚረጋ በፍሬም ውስጥ አብዝቶ የቆየ ማር በማሽኑ አልወጣም ይላል። ስለዚህ እኔ በጥቅምት መጨረሻ የታሸገውን አወጣለሁ፣ ቀሪውን ከኅዳር ሚካኤል በፊት እጨርሳለሁ፤ በዚያ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ስለሚያቃጥል ንቡ ቀድሞውኑ ተቆጥቶ ይውላል። ለበጋው የሚሆን ሦስት ወይም አራት የማር ፍሬም በታችኛው ሳጥን ይቀራል፤ እሱን የቆረጠ ሰው በመጋቢት ኮብልሎ የሄደ ንብ ከመፈለግ አይድንም።

ዘንድሮ አምስት ቀፎ አሉኝ። ሁለቱ ዘጠኝ ዘጠኝ ፍሬም ስለሸፈኑ ባለፈው ሳምንት ሳጥን ደርቤባቸዋለሁ። በሦስተኛው የንግሥት ቤት ስላገኘሁ አሮጊቷን ንግሥት ከሦስት ፍሬም ጋር ወደ ትንሽ ሳጥን አውጥቻታለሁ። አራተኛው ከክረምቱ ደክሞ ስለወጣ በሩን አጥብቤ ትቼዋለሁ። አምስተኛው ከአባቴ ቤት የመጣ የሸምበቆ ቀፎ ነው፤ እሱን አልነካሁትም፤ ከበላዩ ባለው ግራር ላይ ግን በወይራ የታጠነ ባዶ ቀፎ ሰቅያለሁ፣ ትናንት ከሰዓት ሁለት ሦስት ንቦች በበሩ ዙሪያ ሲያነፈንፉ አይቻለሁ።